የሙታን አካል ናሙና፣ የሕግ ጥበቃና የፓቶሎጂ ሥራ

ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ሥጋው ወደ መሬት፣ ነፍሱም ወደ ፈጣሪዋ ትመለሳለች ብሎ ለሚያምን ሕዝብ፣ ከዚያ ሥጋ ላይ ጥቂት ተቈርጦ በሰም ታሽጎ በአንድ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል የሚለው ነገር ለጆሮው እንግዳ፣ ለኅሊናውም ከባድ ቢሆን አያስደንቅም። ነገር ግን የሞትን ምክንያት መርምሮ ለሕያዋን ትምህርት የሚያወጣው የፓቶሎጂ ጥበብ የቆመው በዚሁ ልማድ ላይ ስለሆነ፣ ከአስከሬን ምርመራ በኋላ የሚቀረውን ናሙና ማን ያስቀምጠው፣ በማን ፈቃድ ያስቀምጠው፣ እስከ መቼስ ያስቀምጠው የሚለው ጥያቄ የሐኪሞች የውስጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም፣ የሃይማኖትም፣ የቤተሰብም ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ይህ ዳሰሳ ነገሩን በብሪታንያ ምድር ላይ ይመለከታል፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ጥያቄው በአደባባይ ተገልጦ፣ ሕዝቡን አሳዝኖና አስቈጥቶ፣ በመጨረሻም በእንግሊዝና በስኮትላንድ ሁለት የተለያዩ አዋጆችን ወልዷል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከብዙ ማመዛዘን በኋላ የደረስኩበትን ሐሳብ አስቀድሜ ልናገር፦ ፈቃድ ይጠየቅ ብሎ ያዘዘው ሕግ ርቱዕ ሕግ ነው፤ በፓቶሎጂ ሥራ ላይ የደረሰው ጉዳትም በአብዛኛው የመጣው ከፈቃዱ ሳይሆን፣ ጥያቄውን ከመሸሽና በሰው አካልና በምርመራ መዝገብ መካከል ያለውን ልዩነት ካለማስተዋል ነው።

ናሙናው ለምን ይቀመጣል

አስከሬን የሚመረምር ሐኪም በዓይኑ ብቻ የሚረዳው ብዙ ነገር አለ፤ የረጋ ደም የዘጋው የልብ ደም ሥር ወይም የፈነዳ ዐቢይ የደም ቧንቧ ራሱን ይገልጣል። የሳንባው ቍስል ከየትኛው ደዌ እንደ መጣ፣ የልቡ ጡንቻ በምን እንደ ተጐዳ፣ ዕጢው ከየትኛው የአካል ክፍል እንደ ተነሣ የሚለው ግን በማይክሮስኮፕ ካልታየ በቀር በግምት ይቀራል። ስለዚህ ከየአካሉ የቴምብር ስፋት ያህል ቍራጭ ተወስዶ በፎርማሊን ከተነከረ በኋላ ውኃው በአልኮል ይመጠጣል፣ በፓራፊን ሰምም ይሞላል፤ በሰም የታሸገው ቍራጭ ብሎክ ይባላል፤ ከዚያም ውፍረቱ 3 ወይም 4 ማይክሮን ብቻ የሆነ ስስ ልጣጭ እየተላጠ በመስታወት ስላይድ ላይ ይለጠፋል፣ በቀለምም ይነከራል። አንጎል ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ትኩስ ሳለ እጅግ ልስልስ ስለሆነ በአግባቡ ተቈራርጦ እንዲመረመር ሁለት ሦስት ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ በፎርማሊን ውስጥ ሊጠነክር ይገባዋል። ቤተሰቡ ሙቱን ቶሎ ገንዞ ለመቅበር ሲቸኩል ሐኪሙ አንጎሉን ለሳምንታት ይፈልገዋልና፣ የሁለቱ ወገን ጭንቀት የሚጋጨው ከሁሉ በፊት በዚህ ቦታ ነው።

ብሎክና ስላይድ በተራ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይበላሹ ስለሚቆዩ፣ ጥቅማቸው ከአንዱ ምርመራ ቀን አልፎ ይሄዳል። ፍርድ ቤት ሁለተኛ ሐኪም ይመስክር ሲል ያ ሐኪም የሚያየው እነርሱን ነው፤ በአስቤስቶስ አቧራ ሳንባው ተጐድቶ የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ካሣ ሲጠይቅ ማስረጃው የሚገኘው በሳንባው ቍራጭ ውስጥ ነው፤ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ልብ በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነበረበት ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ከሞት ሊያድን ይችላል። የሳይንስም ትርፍ እንዲሁ ታላቅ ነው። በ1918 መስከረም ወር በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና በፎርት ጃክሰን የጦር ሰፈር በኅዳር በሽታ የሞተ የ21 ዓመት ወታደር ሳንባ ቍራጭ በሰም ታሽጎ በሠራዊቱ የፓቶሎጂ ተቋም ስለ ተቀመጠ፣ ጄፍሪ ታውበንበርገርና ባልደረቦቹ በ1997 ከዚያ ቍራጭ የቫይረሱን የዘር ምልክት ለማንበብ ቻሉ። በእኛም አገር ወረርሽኙ የኅዳር በሽታ የሚለውን ስም ትቶ እንደ ሄደ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ያች ቍራጭ ሰም ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ማስረዳት አያሻም።

የቀድሞው ሕግና የሕዝቡ ፍርሃት

የእንግሊዝ ሕዝብ አስከሬን መከፈቱን የሚፈራበት የቆየ ምክንያት ነበረው። በ1752 የወጣው ሕግ በሞት የተቀጡ ነፍሰ ገዳዮች አስከሬናቸው ለአናቶሚ ሊቃውንት እንዲሰጥ ባዘዘ ጊዜ፣ የሥጋ መቈረጥ ከሞት ቅጣት በኋላ የሚጨመር ሁለተኛ ቅጣት ሆነ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶች እየበዙ አስከሬን ቢያንሳቸው ደግሞ መቃብር እየቈፈሩ የሚሸጡ ሌቦች ተነሡ፤ በ1828 በኤዲንብራ ቡርክና ሄር የተባሉ ሁለት ሰዎች ለሽያጭ ሲሉ 16 ሰው ገደሉ። በ1832 የወጣው የአናቶሚ አዋጅ ይህን ክፉ ንግድ ቢያቆምም፣ ጠያቂ የሌለውን የድኻ አስከሬን ለትምህርት ቤት እንዲሰጥ በመፍቀዱ፣ ሸክሙን ከወንጀለኛው ወደ ችግረኛው አዛወረው። በዚህ ሁሉ መካከል የእንግሊዝ ዳኞች አስከሬን የማንም ንብረት አይደለም የሚለውን ደንብ አጥብቀው ያዙ፤ ደንቡ ሙቱን ከሸቀጥነት ቢጠብቀውም፣ ቤተሰቡ ከሙቱ ላይ የተወሰደውን መልሱልኝ ለማለት የሚቆምበትን መሠረት አሳጣው።

የ1961 የሰው ኅብረ ሕዋስ አዋጅ የወጣው በዚህ መሬት ላይ ነው። አዋጁ አስከሬኑን በሕግ የያዘው ክፍል፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ሆስፒታሉ፣ በተቻለ መጠን ጠይቆ ሟቹ ወይም ዘመዶቹ እንደሚቃወሙ የሚያመለክት ምክንያት ካላገኘ፣ የአካል ክፍል ለሕክምና፣ ለትምህርትና ለምርምር እንዲወሰድ ሊፈቅድ ይችላል ይል ነበር። ይህ ቃል ሲነበብ የዋህ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ያልተቃወመን እንደ ፈቀደ የሚቈጥር፣ ያልተነገረውን ዝምታ እንደ ስምምነት የሚወስድ፣ ቢጣስም ቅጣት ያልተጻፈበት ሕግ ነበር። ሐኪሞቹ ብዙውን ጊዜ እናቲቱን ኅብረ ሕዋስ ልንወስድ እንችላለን ብለው ያስፈርሟት ነበር፤ እርስዋ ጥቂት ቅንጣት የሚወስዱ ሲመስላት እነርሱ ሙሉ ልብና ሙሉ አንጎል ይወስዱ ነበር። ይህን ያደረጉት ከክፋት ሳይሆን ሐዘንተኛውን በዝርዝር ከማስጨነቅ እናድነው በሚል የርኅራኄ ሐሳብ ነው ብለው የተከራከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ርኅራኄ እውነትን ሲሸፍን ምን እንደሚያስከትል ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር አሳየ።

የሊቨርፑሉ ምርመራና የተከተለው

በብሪስቶል ሆስፒታል በልብ ቀዶ ሕክምና ስለ ሞቱ ሕፃናት የሚያጣራው ጉባኤ በ1999 ሲሰማ፣ ፕሮፌሰር ሮበርት አንደርሰን ለትምህርት የተቀመጡ የሕፃናት ልቦች ምን ያህል እንደ ጠቀሙ ሲያስረዱ በሊቨርፑል በአልደር ሄይ የሕፃናት ሆስፒታል የሚገኘውን ስብስብ ጠቀሱ። ወላጆች ይህን ሲሰሙ እየሄዱ ጠየቁ፤ መንግሥትም በጠበቃው በማይክል ሬድፈርን የሚመራ አጣሪ አቆመ። ጥር 30 ቀን 2001 የወጣው ዘገባ፣ ከ1988 እስከ 1995 በዚያ የሠሩት ፕሮፌሰር ዲክ ቫን ቬልዘን ከሚመረምሩት ሕፃን ሁሉ የአካል ክፍሎች ሁሉ እንዲወሰዱ ማዘዛቸውን፣ ከ850 ያህል ሕፃናት የተወሰደው በ2000 የሚቈጠር ዕቃ ተሞልቶ አብዛኛው ሳይመረመር መቀመጡን፣ የሆስፒታሉና የዩኒቨርሲቲውም አስተዳደር ሊቈጣጠራቸው አለመቻሉን ገለጠ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የወላጆቹ መከራ ነበር፤ ልጃቸውን አንድ ጊዜ ከቀበሩ በኋላ የቀረው አካል በየጊዜው እየተገኘ ሲመለስላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ቀብር ለማድረግ ተገደዱ። ሙታንን በፍትሐት ሸኝቶ፣ ዐርባቸውን አውጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ የሚጽናና ሰው ይህ ምን ዓይነት ሐዘን እንደሆነ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ነገሩ የአንድ ሆስፒታል ወይም የአንድ ሰው ጥፋት ቢሆን ኖሮ በአንድ ፍርድ ባለቀ ነበር። በእንግሊዝ ዋና የሕክምና ሹም ትእዛዝ የተደረገው ቈጠራ ግን ከ1970 እስከ 1999 ከተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች የቀሩ 54,300 ያህል የአካል ክፍሎችና የፅንስ አስከሬኖች በየሆስፒታሉና በየትምህርት ቤቱ ተቀምጠው እንዳሉ አሳየ። ከዚህም ሌላ በማንቸስተር አካባቢ በ1987 የሞተ የአይሁድ እምነት ተከታይ ሚስት የባልዋ አንጎል ለምርምር መወሰዱን በ2000 በአጋጣሚ ስላወቀች፣ በ2003 የወጣው ኦፊሴላዊ ምርመራ በዳኛ ትእዛዝ ከተመረመሩ አስከሬኖች ብዙ ሺህ አንጎሎች ቤተሰብ ሳያውቅ ተወስደው እንደ ነበር አረጋገጠ። በእነዚህ ጉዳዮች ኮሮነር የሚባለው፣ ድንገተኛና ምክንያቱ ያልታወቀ ሞትን የሚያጣራው ዳኛ፣ የቤተሰብ ፈቃድ ሳያስፈልገው ምርመራ ለማዘዝ ሥልጣን አለው፤ ያ ሥልጣን ግን የሞትን ምክንያት እስከ ማወቅ ብቻ የተወሰነ ሆኖ ሳለ፣ ከዚያ የተረፈው ሁሉ ወደ ምርምር ቤት በዝምታ ያልፍ ነበር።

ሁለት አዋጆች፣ ሁለት መንገዶች

ስለ እንግሊዝ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የወጣው የ2004 የሰው ኅብረ ሕዋስ አዋጅ መስከረም 1 ቀን 2006 በሥራ ላይ ሲውል የሕጉን መሠረት ገለበጠው፤ ዝምታ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ፣ ከሙት የተወሰደ ነገር ለምርምር፣ ለትምህርት፣ የሥራን ጥራት ለመመዘን እንኳ ቢሆን በግልጥ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ካልሰጠ ወይም ተወካይ ካልሾመ፣ ባል ወይም ሚስት፣ ከዚያ ወላጅ ወይም ልጅ፣ ከዚያ ወንድም ወይም እኅት እያለ የዘመድን ተራ ሕጉ በዝርዝር አስቀምጧል። ያለ ፈቃድ የያዘ ሰው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ይችላል። በ2005 የተቋቋመው የሰው ኅብረ ሕዋስ ባለሥልጣን ደግሞ አስከሬን የሚመረመርበትንና ናሙና የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ በፈቃድ ወረቀት ይቈጣጠራል፣ ይጐበኛልም። የኮሮነሩ ሥልጣን እንዳለ ቢቀጥልም፣ ከ2005 ጀምሮ የተሻሻሉት ደንቦች ፓቶሎጂስቱ ምን እንዳስቀረና ለስንት ጊዜ እንደሚፈልገው ለኮሮነሩ እንዲያሳውቅ፣ ኮሮነሩም ቤተሰቡን እንዲያስታውቅ፣ ቤተሰቡም ይመለስልን፣ በክብር ይወገድ፣ ወይም ለጥናት ይቀመጥ ብሎ እንዲመርጥ ያዝዛሉ። ይህ ሁሉ ደንብ ሙሉ ልብን ብቻ ሳይሆን ብሎክንና ስላይድንም ይይዛል።

ስኮትላንድ በ2006 ያወጣችው አዋጅ ግን በአንድ ዐቢይ ነገር ተለየ። ሙሉ የአካል ክፍል ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ለጥናት እንዳይቀመጥ እርሱም አጥብቆ ከለከለ፤ ብሎክንና ስላይድን ግን የምርመራው ሥራ ሲያበቃ የሟቹ የሕክምና መዝገብ ክፍል አደረጋቸው። ስለዚህ በግላስጎው የሚሠራው ፓቶሎጂስት ቍራጮቹን እንደ መዝገብ ሲያኖር፣ በኒውካስል ያለው ባልደረባው ተመሳሳዩን ቍራጭ ቤተሰብ ካልፈቀደ ሊያስወግደው ይገደዳል። ሁለት ጎረቤት አገሮች በአንድ ቀን በሥራ ባዋሉት ሕግ እንዲህ መለያየታቸው ለተመልካች ከፍ ያለ ትምህርት ነው።

በሥራው ላይ የታየው

የአዲሱ ሕግ መልካም ፍሬ አስቀድሞ ይነገር። ዛሬ በብሪታንያ አንድ ቍራጭ ከአስከሬን ክፍል ወጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ሲሄድ፣ ከዚያም ሲቀመጥ ወይም ሲወገድ፣ በየእርምጃው ተመዝግቦ ሊፈለግ የሚችል ሆኗል፤ ሐዘንተኛውን የሚያናግር የሠለጠነ ሠራተኛ በየሆስፒታሉ ተመድቧል። የፖሊስ ኀላፊዎች ማኅበርም በ2012 ባወጣው ዘገባ ከወንጀል ምርመራ የቀሩ 492 ዋና ዋና የአካል ክፍሎች ተይዘው መገኘታቸውን በገዛ እጁ ገልጧል። በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ምርምርም አልጠፋም፤ በኤዲንብራ በድንገት የሞቱ ሰዎችን ቤተሰቦች በትሕትናና በግልጥ የጠየቀው የአንጎል ባንክ ከተጠየቁት እጅግ የሚበዙት እንደ ፈቀዱ አይቷል። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ከሁሉ የሚጠላው መጠየቅን ነው የሚለው የቀድሞው ግምት ስሕተት እንደ ነበር ይህ ያስረዳል።

ጉዳቱ ግን አለ፤ ሊሸፈንም አይገባውም። በቤተሰብ ፈቃድ በሆስፒታል የሚደረገው የአስከሬን ምርመራ በ2013 በብሪታንያ ሆስፒታሎች ከሞቱት ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ ቍጥሩ 0.69 በመቶ ነበር። ይህ መውደቅ የተጀመረው ከሊቨርፑሉ ነገር ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ሲሆን፣ ሲቲ ስካንና ኤም.አር.አይ ሐኪሙ ሕሙሙ በሕይወት ሳለ ሁሉን አወቅሁ እንዲል ማድረጋቸውና ምርመራውን የሚሸከም በጀት አለመኖሩ የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ሆኖም ከ2001 ወዲህ ወጣቱ ሐኪም ረጅሙን የፈቃድ ቅጽ ይዞ ወደ ሐዘንተኛ ለመሄድ እየፈራ፣ ባይጠየቅ ይሻላል ማለትን መረጠ። ሳይጠየቅ የቀረ ቤተሰብም እንደ ከለከለ ተቈጠረ፤ በ1961 ዝምታው ለመውሰድ ምክንያት እንደ ነበረ፣ አሁን ደግሞ ላለመመርመር ምክንያት ሆነ።

በኮሮነሩ ሥራ ላይም ሌላ መልክ ያለው ችግር ታየ። በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ 80 ሺህ ያህል፣ በአንዳንድ ዓመትም ከዚያ የሚበልጥ አስከሬን በኮሮነር ትእዛዝ ይመረመራል፤ ለተራው ምርመራ ለሐኪሙ የሚከፈለው ብዙ ዓመት ሳይለወጥ የቆየው 96 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ነበር። በዚህ ዋጋ የሚሠራ ሰው ቍራጭ ከወሰደ ቅጹን ይሞላል፣ ለኮሮነሩ ይጽፋል፣ የቤተሰቡን ምርጫ ይጠብቃል፣ ናሙናውንም እንደ ምርጫው ይመልሳል ወይም ያስወግዳል፤ ካልወሰደ ግን በዓይኑ ያየውን ጽፎ ይጨርሳል። ሞትን የሚያጣራው ብሔራዊ የጥናት ጉባኤ በ2006 የኮሮነር ምርመራ ዘገባዎችን አይቶ ከአራቱ አንዱ ያህል ደካማ ወይም ተቀባይነት የሌለው ነው ማለቱ፣ ሥራው በጥድፊያና በግምት ላይ እንዳዘነበለ ያመለክታል። ቤተሰቡ ይወገድ ካለ ወይም መልስ ሳይሰጥ ከቀረ ደግሞ ብሎኩ ይጠፋል፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሟቹ እኅት በልብ ሕመም ስትወድቅ ወንድምዋ በምን እንደ ሞተ የሚመሰክር ነገር አይገኝም።

የትምህርቱም ነገር ያሳስባል። ቀድሞ የፓቶሎጂ ተማሪ ሁሉ በአስከሬን ምርመራ ሠልጥኖ ይወጣ ነበር፤ ዛሬ በብሪታንያ ከፍተኛው ሥልጠና በምርጫ ብቻ የሚወሰድ ሆኗል። የሕፃናት ፓቶሎጂ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቈሰለ፤ የወላጆች ቍጣ በአንድ ሰው ጥፋት የተነሣ በሙያው ሁሉ ላይ ስለ ወረደ፣ ወደዚያ የሚገባው ሐኪም ጥቂት ሆነ፣ ምርመራውም በጥቂት ማእከሎች ተጠቃሎ የሕፃኑ አስከሬን ሩቅ መንገድ እንዲጓዝ አስገደደ። በለንደን እንደ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ያሉ ሆስፒታሎች ሰውነትን ሳይከፍቱ በኤም.አር.አይ መመርመርንና በትንሽ ቀዳዳ ናሙና መውሰድን ማሳደጋቸው ከዚህ ጭንቀት የተወለደ መልካም ዘዴ ነው፤ ሆኖም በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ሁሉ ሥዕል ብቻውን አይተካውም።

ከብሪታንያ ውጭና ወደ እኛ

አየርላንድም በዚያው ዘመን በዚያው ሐዘን ገብታ፣ ልጆቻቸው በደብሊን ሆስፒታሎች የተመረመሩ ወላጆች ማኅበር አቁመው ከታገሉ በኋላ፣ የሰው ኅብረ ሕዋስ አዋጅዋን ያወጣችው በ2024 ነው። በአገራችን ደግሞ በሐረርና በቀርሳ፣ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኩል የሚካሄደው ቻምፕስ የተባለ የሕፃናት ሞት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ሆኖ ከሞቱ ሕፃናት በወላጆች ፈቃድ በመርፌ ብቻ ጥቂት ናሙና እየወሰደ የሞታቸውን ምክንያት ይመረምራል፣ ውጤቱንም ለወላጆች ይመልሳል። ቀብር በፍጥነት በሚፈጸምበት፣ የሙት ሥጋም በታላቅ ክብር በሚታይበት አገር ይህ ጥናት ሊካሄድ መቻሉ፣ ፈቃድ በአግባቡ ሲጠየቅ ሕዝብ የሚዘጋ ልብ እንደሌለው ያስረዳል። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዘመዳቸው በድንገት ሲሞት ከኮሮነሩ ጋር የሚገናኙት ይህን ሕግ ሳያውቁ ነው፤ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክም ኮሮነሩ አስቀድሞ ማወቅ ስላለበት፣ የቀረ ናሙና አለ ወይ፣ ምን ይደረግ ብለው መጠየቅና ምርጫቸውን በጽሑፍ መስጠት የሚገባቸው አስከሬኑ ከመጓዙ በፊት ነው።

የነገሩ ሚዛን

እንግዲህ በሁለቱ ወገን ያለው እውነት ሲመዘን፣ ሙሉ የአካል ክፍል የሰውየው ሥጋ እንጂ የሆስፒታል ዕቃ አይደለምና፣ ልብም ሆነ አንጎል ቤተሰብ ሳያውቅ ሊቀር አይገባም፤ በዚህ የእንግሊዝም የስኮትላንድም ሕግ ልክ ነው። ብሎክና ስላይድ ግን ሐኪሙ ስለ ሞቱ የሰጠው ምስክርነት ማስረጃ ናቸውና፣ ዳኛ የፍርድ መዝገቡን እንደማያጠፋ ሁሉ ሐኪምም እነርሱን ማጥፋት የለበትም፤ በዚህ የስኮትላንድ መንገድ የተሻለ ሆኖ ይታየኛል። ይህ መንገድ የ1961ን ዝምታ በሌላ ስም መመለስ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ቍራጮቹ በመዝገብ እንደሚቀመጡ በቃልም በጽሑፍም ሊነገረው፣ እምነቱ እያንዳንዷ ቅንጣት ወደ መቃብር ትመለስ የሚለውም ሰው ምርመራው ሲያበቃ ሊረከባት የሚችልበት በር ክፍት ሊሆንለት ይገባል። ለጥናትና ለትምህርት መዋልም እንደ እስከ ዛሬው በፈቃድ ብቻ ይሁን።

ከሕጉ ቃል ይልቅ ግን ሥራውን የሚያድነው የሰዎቹ ምግባር ነው። ፈቃድ መጠየቅ ለወጣት ሐኪም የሚጣል የቅጽ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የፓቶሎጂስቱ የራሱ ሙያ ክፍል ይሁን፤ በአስከሬን ክፍል ብቻ የሚታወቀው ሐኪም ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጥ፤ ምን እንደሚወስድ፣ ለምን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚመልስ በግልጥ ይንገር፤ ምርመራው ሲያበቃም ያገኘውን ይዞ ወደ እነርሱ ይመለስ። መንግሥትም ለማይክሮስኮፕ ምርመራው የሚገባውን ዋጋ ይክፈል፤ ያልተከፈለበት ትጋት ዘለቄታ የለውምና። ፓቶሎጂ አመኔታውን ያጣው በድብቅ በመውሰዱ ስለሆነ፣ የሚመልሰውም በግልጥ በመጠየቅ ነው፤ የሚፈራው እምቢታ አንዳንድ ጊዜ ቢደርስበትም፣ በእውነት ከተሰጠው ፈቃድ የሚያገኘው ዕውቀት በዝምታ ከሰበሰበው ይልቅ የጸና ይሆናል።